አደራ ተቀባዩ ቤት



ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እኅት ጥግ ይዛ ጠበቀችኝ። ዕድሜዋ 34 ነው፤ እዚሁ ጁባ ምግብ ቤት ከፍታ ስትሠራ ስምንት ዓመት ሆኗታል። ያነሣችልኝን ሁለት ጥያቄ በፈቃዷ ዛሬ ለሁላችሁ አቀርበዋለሁ። የመጀመሪያው፣ «መምህር፣ እንቁላሌን አስቀዝቅዤ ላስቀምጥ ብል ኃጢአት ይሆንብኛል?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ካልሆነብኝስ የት ልሂድ? ካምፓላ ይሻላል ወይስ አዲስ አበባ?» የሚል ነበር። ይህን ሁለተኛውን ስትጠይቅ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። «ይኼ እንኳ የመምህር ጥያቄ አይደለም» አለችኝ።

ነው እንጂ፤ እንዲያውም ከፊተኛው ይልቅ የሚከብደው እርሱ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ብዙ አያደክምም፤ ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ነው። ሁለተኛው ግን ያለ መጀመሪያው ስለማይፈታ በቅደም ተከተል እንሄዳለን። ሳያውቁ መፍረድ አይገባምና አስቀድመን ነገሩን ራሱን እንወቀው።

ሴት ልጅ የዕድሜ ልኳን እንቁላል ይዛ ነው የምትወለደው። ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ይገመታል፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የሚቀረው ከ300,000 እስከ 400,000 ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ መቀነስ እንጂ መጨመር የለም፤ ከ35 ዓመት በኋላ ደግሞ ቁጥሩም ጥራቱም ፈጠን ብሎ ይወርዳል። እንግዲህ ሐኪሞቹ የሚያደርጉት ይህን ነው፦ ከ10 እስከ 12 ቀን ያህል በየዕለቱ መርፌ እየሰጡ፣ በወር አንድ ብቻ የሚበስለው እንቁላል ብዙ ሆኖ እንዲበስል ያደርጋሉ። በአልትራሳውንድና በደም ምርመራ ይከታተላሉ። የመጨረሻው መርፌ ከተሰጠ 36 ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ሴቲቱ በመድኃኒት አሸልባ፣ በቀጭን መርፌ ያወጡታል፤ ሩብ ሰዓት ወይም ጥቂት አለፍ ያለ ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ እንቁላሉ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣል።

አስቸጋሪው ነገር ማቀዝቀዙ ነበር። እንቁላል በሰውነታችን ካሉት ሕዋሳት ሁሉ ትልቁ ነው፤ ውስጡም ውኃ የሞላበት ነው። ውኃ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ እንደ መርፌ የሾለ በረዶ ይሠራና ከውስጥ ይወጋዋል። ክሪስቶፈር ቼን የተባለ ሐኪም ቀዝቅዞ ከሟሟ እንቁላል የተገኘ እርግዝናን ከአውስትራሊያ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥራው ለረጅም ጊዜ እንደተሰናከለ ቆየ። መንገዱን የከፈተው በ2000ዎቹ ዓመታት የተስፋፋው፣ ጃፓናዊው ማሳሺጌ ኩዋያማ ብዙ የደከመበት ዘዴ ነው፤ በረዶ ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ እንቁላሉን በቅጽበት እንደ መስታወት ያጠጥረዋል። የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር «ገና በሙከራ ላይ ያለ» የሚለውን ስም ያነሣለት በ2012 ነው። ይህን የምነግራችሁ ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ሥራው የእጅ ጥበብ መሆኑን እንድትይዙልኝ ነው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ትምህርቱ። ሰው ሰው የሚሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ለዚህ መልሱን ከሩቅ አትፈልጉ፤ ከምታከብሩት በዓል ውስጥ አለ። ቤተ ክርስቲያናችን የምታከብረው ልደትን ብቻ አይደለም፤ ጽንሰትንም ታከብራለች። መስከረም 26 የመጥምቁ ዮሐንስ ጽንሰት ነው። ነሐሴ 7 ሐና ከኢያቄም እመቤታችንን የፀነሰችበት ነው። መጋቢት 29 ደግሞ የጌታችን ጽንሰት ነው፤ ከዚያ ቆጥራችሁ ዘጠኝ ወር ሲሞላ ታኅሣሥ 29 ላይ ትደርሳላችሁ። ይህ ቆጠራ ትልቅ እምነት ተሸክሟል። ቃል ሥጋ የሆነው በቤተልሔም በረት ውስጥ አይደለም፤ በናዝሬት፣ ድንግል ብሥራቱን በተቀበለችበት ቅጽበት ነው። ሥጋ ለብቻው ተፀንሶ፣ ጥቂት ቆይቶ መለኮት አደረበት የሚለውን አባቶቻችን ከንስጥሮስ ጋር አውግዘውታል። ተዋሕዶ የሚለው ስማችን ራሱ ይህን ይናገራል። እርሱ በነገር ሁሉ ከኃጢአት በቀር እኛን ከመሰለ፣ የእኛም ሰውነት የሚጀምረው ከጽንስ ነው ማለት ነው፤ ከሦስት ወር ወይም ልብ ሲመታ ከተሰማበት ቀን አይደለም።

አሁን ወደ ኋላ አንድ እርምጃ እንሂድ። ከጽንሰት በፊት ላለው፣ ለዘሩ ብቻ የሚከበር በዓል አለ? የለም። ከወንድ ዘር ጋር ያልተገናኘ እንቁላል ዘር ነው እንጂ ጽንስ አይደለም። በየወሩ ከሴት ጋር ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ማንም ተዝካር አያወጣለትም። ስለዚህ ያቺ እኅት እንቁላሏን ብታስቀምጥ ሰው አላስቀመጠችም፤ ነፍስም አላሰረችም። ይህን ልዩነት አጥብቃችሁ ያዙ፤ ሐኪም ቤቱን የምንመርጥበት የመጀመሪያው ወንፊት እርሱ ነው።

ካቶሊክ ጎረቤቶቻችሁ ሌላ ይሏችኋል፤ በካቶር የቅድስት ቴሬዛ ካቴድራል የሚሄዱትን ማለቴ ነው። ሮም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ትምህርት ለላብራቶሪ ፅንሰት ሲባል እንቁላል ማቀዝቀዝን አትቀበልም። ምክንያቷ እንቁላሉ ሰው ነው የሚል አይደለም፤ መፅነስ ከባልና ከሚስት አልጋ ተለይቶ በላብራቶሪ እንዳይፈጸም ነው። የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በ2000 ባወጣችው የማኅበራዊ ትምህርት ሰነድ የባልን ዘር በሕክምና ረዳትነት ለሚስት መስጠትን አልከለከለችም፤ የሌላ ሰው ዘር መግባቱንና ትርፍ ጽንስ መጣሉን ግን አውግዛለች። የግብፅ ዳር አል ኢፍታእ ደግሞ በ2019 እንቁላል ማስቀመጥን በትዳር ውስጥ ጥቅም ላይ እንዲውልና ከሌላ ሰው ዘር ጋር እንዳይቀላቀል በሚሉ ቅድመ ሁኔታዎች ፈቅዷል። እኔ የምነግራችሁ ከታወቀው የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ተነሥቼ ነው፤ ለየራሳችሁ ጉዳይ የንስሐ አባታችሁ ቃል ይበልጣል።

«እሺ፣ ግን እምነት ማጣት አይደለም ወይ? የሳሙኤል እናት ሐና ታቦቱ ፊት አለቀሰች እንጂ ዘሯን ማቀዝቀዣ ውስጥ አላስቀመጠችም» የሚል አይጠፋም። ይህን የሚለው ብዙ ጊዜ አራት ልጅ የወለደ ወንድም ነው፤ ይቅር ይበለኝ። ዮሴፍ በጥጋቡ ሰባት ዓመት እህል ሲያከማች እግዚአብሔርን አላመነም ነበር? ስለሚመጣው ራብ ከእግዚአብሔር ሰምቶ ጎተራ ሠራ። በወንጌል ደግሞ ጎተራውን አፍርሶ የበለጠ ሊሠራ ያሰበ ባለጠጋ አለ፤ በዚያች ሌሊት ነፍሱን ተጠየቀ። ሁለቱም ጎተራ ሠሪዎች ናቸው። ልዩነቱ ያለው ባለጠጋው ጎተራውን አይቶ ነፍሱን «ዕረፊ» ማለቱ ላይ ነው። እኅቴ፣ እንቁላልሽን ስታስቀምጪ «ልጄን አስቀመጥኩ» ካልሽ ተሳስተሻል። ዕድል ነው ያስቀመጥሽው፤ ያውም ጠባብ ዕድል። ቁልቢ ወርደሽ ለገብርኤል የተሳልሽውን ስእለትም አይሽረውም። ካንሰር ተገኝቶባት የኬሞ መድኃኒት ልትጀምር ያለች እኅት ከሆነች ደግሞ በዚህ ሁሉ ክርክር አታድክሟት፤ ጊዜ የላትም፤ ቶሎ ሐኪም ጋር አድርሷት።

የጠባቡን ዕድል ልክ በቁጥር ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ስሌት አለ። ቢያንስ አንድ ልጅ የመውለድ ዕድሏ 75 በመቶ እንዲደርስ፣ በ34 ዓመቷ የምታስቀምጥ ሴት 10 የበሰሉ እንቁላሎች ያስፈልጓታል፤ በ37 ዓመቷ ከሆነ 20፤ በ42 ዓመቷ ከሆነ 61። ልብ በሉ፣ አንድ ዙር መርፌ 61 እንቁላል አይሰጥም። ስለዚህ የ42 ዓመት ሴትን «ምንም ችግር የለም፣ ነይ» ብሎ የሚቀበል ቤት ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል።

እዚህ ላይ የካምፓላውን ወሬ ማንሣት አለብኝ፤ ሁላችሁም ሰምታችሁታልና። በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ካምፓላ ውስጥ አንዲት የ70 ዓመት እናት ወንድና ሴት መንታ ተገላገሉ። ወሬው በንሙሌ መንገድ ከጭነት መኪናው ቀድሞ ጁባ ገባ፤ «በ70 ዓመትም ይቻላል፤ ምን ያስቸኩላል?» ተባለ። የተረሳው ነገር እንቁላሉ የእርሳቸው አለመሆኑ ነው፤ በሌላ ሴት ልገሳ የተገኘ ነበር። በእርሳቸው አልፈርድም፤ ልጅ የማጣትን ነቀፌታ የቀመሱ ሴት ናቸው። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው። ሣራም ተስፋ ስትቆርጥ ሦስተኛ ሰው አስገብታ ነበር፤ አጋርን። ያ ቤት ከዚያ በኋላ ሰላም አላገኘም፤ አጋርም ልጇም በመጨረሻ በበረሃ ተንከራተቱ። በተክሊል ሁለት አንድ ሥጋ ይሆናሉ እንላለን፤ የሦስተኛ ሰው ዘር እዚያ መካከል ቦታ የለውም። የራሷን እንቁላል በጊዜ ያስቀመጠች ሴት፣ ኋላ በትዳሯ ብትጠቀምበት፣ ከዚህ ፈተና ትድናለች። እንዲያውም ነገሩን የምደግፍበት ዋናው ምክንያቴ ይኸው ነው።

አሁን «የት ልሂድ?» ወደሚለው ደረስን።

አንድ ቃል ልስጣችሁ፦ አደራ። እንቁላሏን ለሐኪም ቤቱ የምትሰጥ ሴት ሸቀጥ አልገዛችም፤ አደራ ሰጥታለች። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ እንላለን። ፍትሐ ነገሥት ስለ አደራ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ከእርሱ በፊት በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 22 ላይ ሕጉ ተቀምጧል፤ በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ። ሰው ለባልንጀራው ዕቃ ወይም ከብት እንዲጠብቅለት ሰጥቶ ቢጠፋ፣ ተቀባዩ «ጠፋ» ብሎ ብቻ አይሄድም። በእግዚአብሔር ፊት ቀርቦ እጁ እንደሌለበት ይታያል። ከብቱ ከእርሱ ዘንድ ከተሰረቀ ይከፍላል። አውሬ ከሰበረው ግን የተሰበረውን ምስክር አድርጎ ያምጣ ይላል። እዩ፣ ሕጉ የሚጠይቀው ደግነትን አይደለም፤ ማስረጃን ነው።

ይህ ሕግ ዛሬ እንዴት እንደሚሠራ አንድ እውነተኛ ነገር ላውጋችሁ። መጋቢት 4 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. እሑድ በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ አጠገብ ባለ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ማዕከል አንድ የናይትሮጅን ታንክ ሞቆ ተገኘ። ከ4,000 በላይ እንቁላልና ጽንስ፣ የ950 ያህል ቤተሰብ አደራ ጠፋ። ታንኩ ቀድሞ ችግር ነበረበት፤ ናይትሮጅኑን በራሱ የሚሞላው መሣሪያ ስላልሠራ በእጅ ይሞሉት ነበር። ሙቀቱ ሲጨምር ሠራተኞቹን የሚጠራው ማንቂያ ደግሞ ጠፍቶ ነበር። በዚያው ቀን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሌላ ማዕከል ታንክ ተበላሸ፤ ያኛው ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2021 ለአምስት ከሳሾች ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደ፤ አብዛኛው ጥፋት በታንኩ አምራች ላይ ተደረገ። መብራት የማይጠፋበት፣ ሀብታም አገር ነው ይህ የሆነው።

ከዚህ ምን እንማራለን? የናይትሮጅን ታንክ ፍሪጅ አይደለም። ቅዝቃዜው ከመብራት አይመጣም፤ ፈሳሹ እስካለ ድረስ ይቀዘቅዛል። ነገር ግን ፈሳሹ በየቀኑ ይተናል፣ መሞላት አለበት። ስለዚህ ጄኔሬተሩን አይተሽ አትደነቂ። ናይትሮጅኑ ከየት ይመጣል? መንገድ ቢዘጋ ለስንት ቀን የሚበቃ አላችሁ? ማንቂያው በሌሊት የማን ስልክ ላይ ይጮኻል? በየቀኑ የሚሞላውን መጠን የምትጽፉበት መዝገብ አሳዩኝ በዪ። የዘፀአቱ ምስክር ያ መዝገብ ነው። «አንቺ ብቻ አትስጊ» ከተባልሽ አልተመለሰልሽም። ይህን ስትጠይቂ የሚቆጣ ቤት ካጋጠመሽ በትሕትና አመስግነሽ ውጪ።

ሁለተኛው ጥያቄ የእጅ ጥበቡ ነው። እዚህ ላይ ብዙ እኅቶች ይታለላሉ። ቤቱ «በመቶ ይህን ያህል ይሳካልናል» ይላል። ምኑ ነው የተሳካው? የወጣው እንቁላል ነው? የፀነሰው ነው? የተወለደው? «አቀዘቅዛለሁ» ማለት ቀላል ነው፤ ማንም ታንክ የገዛ ይለዋል። ጥበቡ የሚታየው ሲሟሟ ነው፤ ያውም ከአምስት ከስድስት ዓመት በኋላ። ስለዚህ እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ በዚህ ቤት ቀዝቅዞ፣ በዚህ ቤት ሟሙቶ፣ በሕይወት የተወለደ ሕፃን ስንት ነው? መልሱ «ገና አልጀመርንም» ቢሆን እንኳ እውነት ነውና አክብሪው፤ እንቁላልሽን ግን የመጀመሪያ መማሪያ አታድርጊ።

ከተሞቹን በስም ጠይቃኛለችና ልመልስ። አዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል፤ በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ በአገራችን የመጀመሪያው ነው። የግል ማዕከላትም አሉ። ካምፓላና ናይሮቢ ከእኛ ቀድመው ጀምረዋል፤ ሁለቱም የመጀመሪያ የላብራቶሪ ፅንሰት ልጆቻቸውን ያዩት በ2000ዎቹ አጋማሽ ገደማ ነው። ሦስቱም ጋር ከመሄድሽ በፊት በስልክ መጠየቅ ያለብሽ ነገር አለ፦ ያላገባች ሴትን ሕጉና ቤቱ ይቀበሏታል ወይ? ለባለትዳር ብቻ የሚሠራ ቤት ሊኖር ይችላልና ትኬት ገዝተሽ አትድረሺ። የሚሸኝሽ ደላላ ካለ ደግሞ ከቤቱ ኮሚሽን እንደሚቀበል ጠይቂው። ጁባ ውስጥ ለቤት ኪራይ፣ ለመኪና፣ ለሁሉም ደላላ አለ፤ ለማኅፀንሽ ግን ደላላ አያስፈልግሽም።

ለእኛ ለጁባ ሰዎች ከሁሉ የሚያስጨንቀው ግን ሌላ ነው። ታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. እዚህ የነበራችሁ ውጊያውን ታስታውሳላችሁ፤ ሐምሌ 2016ንም። ሱቅን እንደተከፈተ፣ እንጀራን ምጣድ ላይ ትተን ነው የሮጥነው። እኛ የዛሬ ዓመት የት እንደምንሆን የማናውቅ ሕዝብ ነን። እንቁላል ግን ለአሥር ዓመት ይቀመጣል። ስለዚህ ለዛሬ ጉዞ የሚቀርብሽን ከተማ ሳይሆን፣ አንቺ ከጁባ ብትወጪም፣ ፓስፖርትሽ ቢያልቅም፣ ደርሰሽ የምትገቢበትን ከተማ ምረጪ። ለአብዛኞቻችሁ ይህ አዲስ አበባ ነው፤ ቪዛ የማትጠየቂበት አገርሽ ነውና። ካምፓላ ቤተሰብና ንግድ ያላት ግን እዚያ ብታስቀምጥ አልነቅፋትም። ቤቱ ቢዘጋስ? እንቁላልሽን ወደ ሌላ ማዕከል ለማዛወር ምን ያስፈልጋል? ይህም በወረቀት ይስፈር። የዓመቱ የማስቀመጫ ክፍያ በዶላር ከሆነ፣ የደቡብ ሱዳን ፓውንድ ሲወርድ አንቺ ላይ ምን እንደሚሆን አስቢ። ሳትከፍዪ ስንት ወር ይጠብቁሻል? ሳያሳውቁሽ ይጥሉታል? ስልክ ቁጥርሽን ብትቀይሪ እንዲያገኙሽ የአንዲት የታመነች ዘመድሽን ስም ጨምረሽ አስመዝግቢ።

የምትፈርሚው ወረቀት ላይ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ትምህርት እንመለሳለን። ወረቀቱ እንግሊዝኛ ከሆነ ተርጓሚ ይዘሽ ግቢ። «ቀሪው ለልገሳ ይዋል» የሚል ሳጥን ይኖራል፤ የአጋርን ነገር አስታውሰሽ አትንኪው። ብዙዎቹ ያስቀመጡ ሴቶች ተመልሰው አይጠቀሙበትም፤ በተፈጥሮ ይወልዳሉ ወይም ሐሳባቸውን ይለውጣሉ። እንቁላል ብቻውን ከሆነ ቢወገድ ዘር ነው የተወገደው። ቤቱ ግን «ከወንድ ዘር ጋር አዋሕደን ብናስቀምጠው ይሻላል» ካለሽ፣ ያ ጽንስ ነው፤ መጋቢት 29ን አስቢ። ያገባችም ብትሆን፣ የምትጠቀሙበትን ያህል ብቻ እንዲያዋሕዱ የሚስማማ ሐኪም ፈልጉ። አሥራ ሁለት አዋሕዶ ሁለቱን ተክሎ አሥሩን የሚጥል ቤት፣ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም፣ የእኛ ቤት አይደለም።

ስለ ሰውነትሽም አንድ ነገር። መርፌው አንዳንዷን ሴት ከመጠን በላይ ያሳብጣታል፤ ሆድ ይነፋል፣ ትንፋሽ ያጥራል፤ ከባሰ ሆስፒታል ያስተኛል። በጀመርሽ በማግስቱ ወደ ጁባ የሚመልስሽን ሐኪም አትስሚ፤ ሁለት ሳምንት ያህል እዚያው ከተማ ተቀመጪ። አንዳንዱ መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ እንደ የካቲት ባለ የጁባ ሙቀት በቦርሳ ይዞ መዞር ገንዘብን መጣል ነው።

በመጨረሻ፣ ያቺው እኅት ስትለየኝ አንድ ነገር ጨመረች፦ «ምግብ ቤቱን የምትጠብቅልኝ ልጅ የምትመጣው ነሐሴ ነው፤ መርፌው ፍልሰታ ላይ ይውላል። ላዘግየው?» ነሐሴ 7 በዚያ ጾም ውስጥ ነው፤ የእመቤታችን ጽንሰት። አየሁት፣ እኔም ፈገግ አልኩ። ለታመመ ጾም እንደሚቀልለት ሥርዓት አለ፤ አንቺ ግን አልታመምሽምና ይህን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ እርሳቸው ይወስኑልሽ። በ34 ዓመትሽ አንድ ወር ብታዘገዪ የሚጎዳሽ ነገር የለም። ሕክምናው የሚጀመረው የወር አበባሽ በመጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ገደማ ነውና፣ ቀኑ የማይቀየር የአውሮፕላን ትኬት ብቻ አትቁረጪ።